አንኮበር ገብተን አንኮበርን ስንፈልግ

አንኮበር የደረስን ጊዜ አንኮበርን አላየኋትም። ጉም ነበር። ከፊቴ የአክስቴ በቅሎ ጭራ ይታየኛል፣ ከእግሬ ሥር ድንጋይ ይታየኛል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ነጭ ነው። ከኋላችን ወደ አልዩ አምባ ገበያ የሚወርዱ ነጋዴዎች አህያ እየነዱ ይመጣሉ። ከደብረ ብርሃን ጀምረን መንገዱን አብረናቸው ነው የመጣነው። ትዕግሥቴ አለቀና ወደ አንዱ ጠጋ ብዬ፣

«ወንድሜ፣ አንኮበር ገና ነው እንዴ?» አልኩት።

«ገና?» አለና ሳቀብኝ። «ወላሂ ገብተሽ ልታልፊያት ነው እኮ! የቆምሽበት ምን መሰለሽ?»

ዙሪያዬን አየሁ። አንድ የጽድ ዛፍ አለ። አጥር አለ፣ አጥሩ ላይ የተሰጣ እርጥብ ቆዳ አለ። ሌላ ምንም የለም። ስሟን እየሰማሁ ያደግሁባት ከተማ ይቺ ናት? አባቴ ስለ አንኮበር ሲያወራ እኮ አፉ አይጠግብም። እዚያ ሊቁ ብዛቱ፣ እዚያ ተማሪው ብዛቱ፣ እዚያ ድንጋዩ ራሱ ግዕዝ ይናገራል ይለናል። እኔ ቆሜ ያየሁት ድንጋይ ግን እንደኛ አገር ድንጋይ ዝም ያለ ነበር።

ለምን እንደመጣሁ ልናገር፣ አለዚያ ነገሩ አይገባም።

አባቴ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ደብር ደብተራ ነው። ወንድሞቼ ከብቱንና እርሻውን ወደዱ፣ እኔ ዳዊቱን ወደድኩ። እናቴ መጀመሪያ አልፈቀደችም። ኋላ ላይ እኔና አባቴ ስንነዘንዛት፣ «ትማር እንግዲህ፣ እጇ ግን አይቦዝን» አለች። እናም አባቴ መጽሐፉን ይዞ ያስተምረኛል፣ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ጥጥ እየፈተልኩ እማራለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዳዊት ጨረስኩ። አባቴ ጠላ አስጠምቆ ጎረቤት ጠርቶ ደገሰልኝ። ሰው በልቶ ጠጥቶ መረቀኝ።

ድግሱ ጣጣ ይዞ መጣ። ዝናዬ ከወንዝ ማዶ ተሰማና ለልጃቸው የሚፈልጉኝ ሰዎች ሽማግሌ ላኩብኝ። ልጁን አላየሁትም። በሬ ብዙ አለው ይላሉ። በሬውን አላገባ! እኔ የምፈልገው ቅኔ ቤት መግባት ነው። ይህንን ስናገር እናቴ ደረቷን ያዘች።

«ሴት ልጅ ቅኔ ምን ያደርግላታል? በሬ ታጠምድበታለች?»

አባቴ ከሁለታችን መሀል ገብቶ ሲጨነቅ ከረመ። በልጅነቱ አንኮበር ካሉ አንድ የቅኔ መምህር ዘንድ ትንሽ ጊዜ ተምሮ ነበርና እሳቸውን አስታወሰ። «የኔታ ከተቀበሏት ትማር። ካልተቀበሏት ለሽማግሌዎቹ እሺ እላለሁ» አለ። እናቴም ተስማማች፣ እኔም ተስማማሁ። ሽማግሌዎቹ ጽጌ ሲወጣ ለመልስ ሊመጡ፣ እሺ ከተባሉ ሠርጉ ለጥር ሊሆን ተቀጠረ። አባቴ ራሱ እንዳይወስደኝ የጽጌ ማኅሌት ላይ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ታላቅ እህቱ ትውሰዳት ተባለ።

አክስቴ ለዚህ ነገር የተፈጠረች ናት። ልጅ ሳለች አንኮበር ቤተ መንግሥት ግቢ ገብታ ጠጅ ቤት ውስጥ ስትሠራ ኖራለች። «አንኮበርን ዓይኔን ጨፍኜ እዞራታለሁ!» እያለች ነው መንገዱን የጨረሰችው። ስንደርስ መጨፈን አላስፈለጋትም፣ ጉሙ ጨፈነላት። መዞሩ ግን አቃታት።

«እዚህ ጋ ትልቅ ዋርካ ነበር» ትላለች። የለም። «በዚህ በኩል የሰፊዎቹ ሰፈር ነው» ትላለች። እንሄዳለን፣ የጎመን ማሳ ነው። «ቆይ፣ ቆይ፣ ከዚህ በላይ መሆን አለበት» ትላለች። እንወጣለን፣ ቅድም ያየሁት እርጥብ ቆዳ አጥሩ ላይ እንደተሰጣ ይጠብቀናል።

«እትዬ፣ እየዞርን ነው።»

«ዝም በይ! እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ቆዳው ግን ያው ቆዳ ነው።»

«በአንኮበር ቆዳ አንድ ብቻ ነው ያለው ማን አለሽ?»

ጉሙ ትንሽ ገለጥ ሲል ጋራው ላይ ግቢው ታየ። አክስቴ በቅሎዋን ገርፋ ወጣች፣ እኔ እያለከለክሁ ተከተልኩ። በሩ ጋ አንድ ዘበኛ ጋቢውን ተከናንቦ የተቆላ ባቄላ ይቆረጥማል። ከእሱ በቀር ሰው የለም። አጥሩ እዚህም እዚያም ተነቅሏል፣ የአንዱ ቤት ክዳን ወደ ውስጥ ገብቷል። አክስቴ ከበቅሎዋ ሳትወርድ፣

«አንተ! ሰው ሁሉ የት ሄደ?» አለችው።

«እንጦጦ ነዋ! ንጉሡ እንጦጦ ከወጡ ስንት ጊዜያቸው! እመቤቴ፣ ከየት ነው የመጡት?»

«ከደብረ ብርሃን።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ጓዝ ሲሄድ አላያችሁም?»

«አይተናል» አለች አክስቴ፣ ድምጿ ቀነስ ብሎ። «የሚመለሱ መስሎኝ ነው።»

ዘበኛው አልሳቀባትም። ከባቄላው ዘግኖ ሰጣት። እሷም ተቀበለችው፣ አልበላችውም ግን፣ መዳፏ ውስጥ ይዛው ቆየች። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ለሷ ማዘን ሲገባኝ ለራሴ ፈራሁ። የኔታም ከሰው ጋር እንጦጦ ሄደው ቢሆንስ? ካላገኘኋቸው «አልተቀበሏትም» ሊባል ነው። እናቴን አውቃታለሁ።

«የቅኔ መምህሩስ?» አልኩት።

«የቱ? የሄዱት ወይስ የቀሩት?»

«ሽማግሌው።»

«እሳቸው አርጅተዋል፣ የት ይሄዳሉ። አሉ። ከታች ካለው ደብር ጠይቁ።»

ከታች ያለው ደብር ከታች ይሁን ከላይ አላውቅም፣ አንኮበር ሁሉም ነገር ከአንዱ ነገር በታች ነው። ብቻ ጩኸት ሰምተን ወደ ጩኸቱ ሄድን። እኔ ትምህርት ቤት ማለት ሰው መጽሐፍ ይዞ ጸጥ ብሎ የሚቀመጥበት ቦታ ነበር የሚመስለኝ። ያየሁት ምን ነበር? አንድ ግቢ ሙሉ ተማሪ፣ ለምድ ለብሶ፣ ሁሉም በየራሱ የተለያየ ዜማ ይጮሃል። አንዱ ያነሳል፣ ሌላው ይጥላል፣ ሦስተኛው ጆሮውን ይዞ ያንጎራጉራል። መጽሐፍ የያዘ የለም። መምህራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጋደም ብለዋል። ተኝተዋል ስል ድንገት ቀና ብለው፣ «አንተ! ከጥግ ያለኸው! ሳትከው!» ብለው ተመልሰው ጋደም አሉ። ጥግ ላይ ያለው አንገቱን ደፍቶ ከመጀመሪያው ጀመረ። በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ እንዴት ሰሙት? እስካሁንም አልገባኝም።

አንድ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ ወደ እኛ መጣና በእንተ ስማ ለማርያም አለ። አክስቴ ከስንቃችን ዳቦ ቆርሳ አኩፋዳው ውስጥ ጣለችለት። መንገድ ጠየቅነው።

«ቅኔ ቤት? ይሄ እኮ ዜማ ቤት ነው» አለ እየሳቀ። «በዚህ ውረዱ፣ ውረዱ፣ ውረዱ። ሰው ብቻውን ሲያወራ ካያችሁ ደርሳችኋል።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቁልቁል ወርደን አንድ ሜዳ ላይ ስንደርስ ግን ያለው እውነቱን ነበር። ጎልማሳ ወንዶች ተበታትነው ተቀምጠዋል፣ አንዱ ከዛፍ ሥር፣ አንዱ ከቁጥቋጦ ኋላ፣ አንዱ ፊቱን ወደ ድንጋይ አዙሮ። ሁሉም ያወራሉ፣ ከማንም ጋር አይደለም። ጣታቸውን ያጥፋሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አንዳንዱ ድንገት ይስቃል። አክስቴ አማተበች።

«በስመ ሥላሴ! ጸበል አለ እንዴ እዚህ?»

«የምን ጸበል?»

«አታያቸውም እንዴ? ለጸበል የመጡ በሽተኞች ናቸው። አትጠጊያቸው!»

እኔ ግን ድንጋዩን ወደሚያወራው ሄድኩ። ድንጋዩ ይመልስለት እንደሆነ ትንሽ አዳመጥኩ። አልመለሰለትም። «የኔታ የት ናቸው?» አልኩት። ጣቱን ማጠፉን ቀጠለ። ደግሜ ጠየቅሁት። ዘሎ ተነሳ።

«አመለጠኝ! በአንቺ ምክንያት አመለጠኝ!»

ዶሮ ያመለጠው መስሎኝ ቁጥቋጦ ቁጥቋጦውን አየሁ። «ምኑ?»

«ስንኙ ነዋ! ከጧት ጀምሬ የያዝኩት!» አለና ራሱን ይዞ ተመልሶ ተቀመጠ። በእጁ ብቻ አንዲት ጎጆ አመለከተኝ።

ይህ ነው እንግዲህ በሬ የሞላውን ቤት እምቢ ያልኩለት ትምህርት። አልዋሽም፣ ልቤ ትንሽ ወደ በሬዎቹ ሄዶ ነበር።

የኔታ ጎጇቸው በር ላይ ካለው መደብ ላይ አጎዛ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ቀጭን ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ወፍራም ነው። አክስቴ የማሩን ገንቦ ፊታቸው አስቀምጣ የአባቴን ሰላምታ አደረሰች።

«ያ ጭቅጭቁ?» አሉ የኔታ። «አለ? ዛሬም ሰው ያሸንፋል?»

«ከሚስቱ በቀር» አለች አክስቴ።

ሳቁ። ደስ አለኝ። ያኔ አክስቴ ነገሩን ሁሉ ተናገረች፣ ሽማግሌዎቹንም፣ ጥርንም፣ የአባቴንና የእናቴንም ስምምነት። ተማሪዎቹ ስንኛቸውን ትተው አንድ በአንድ መጥተው ከበቡን። ከመካከላቸው የተማሪው አለቃ የሆነ ጢማም ሰው፣ «የኔታ፣ ሴት ናት እኮ» አለ።

«አያለሁ። ዓይኔ ገና አልጠፋም» አሉት። ወደኔ ዞሩ። «ዳዊት ጨርሰሻል?»

«ጨርሻለሁ። ድግሱም ተበልቷል።»

«ድግስ የበላው ጎረቤትሽ ነው፣ ዳዊቱን ያነበበው ማን እንደሆነ እንይ። አምጡላት።»

አለቃው ዳዊት አምጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ተሳለምኩና ገለጥኩት። ፊደሉ እንደማውቀው አልሆነልኝም፣ ስለዚህ እንደማውቀው አዞርኩት።

ሳቅ ፈነዳ። እኔ በአክስቴ የሳቁ መስሎኝ ወደ አክስቴ አየሁ።

«ዘቀዘቀችው! ዳዊቱን ዘቀዘቀችው!»

«እንስራ መስሏት ነው፣ ውኃውን ልትደፋ!»

«የኔታ፣ ድግሱንም እንዲሁ ገልብጠው ነው የበሉት!»

ምን እንደሚሉ አልገባኝም፣ ግን በመሳቃቸው ተናደድኩና ማንበብ ጀመርኩ። ጮክ ብዬ፣ ሳልቆም፣ ሳልሳሳት ገጹን ጨረስኩት። ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። አለቃው ግን፣ «በቃሏ ነው። ዳዊትን በቃሉ የማያውቅ ማን አለ?» አለ።

የኔታ ከራስጌያቸው የማርያምን ተአምር አወረዱና መሀሉን ገልጠው ሰጡኝ። ያን መጽሐፍ አባቴ የለውም፣ ዓይቼው አላውቅም። አዞርኩት፣ አነበብኩት። አሁን የሚስቅ ጠፋ። ከኋላ አንዱ በሹክሹክታ፣ «ሰይጣን ነው የሚያነብላት» ሲል ሰማን።

«ሰይጣን ራስህ!» አለች አክስቴ ብድግ ብላ። «በሰይጣን ያነበበ ሰው የማርያምን ተአምር ያነባል? የት ነው የተማርከው አንተ?»

«ተቀመጡ» አሉ የኔታ። «አንቺ ልጅ፣ አሁን አቅኚውና አንብቢ።»

«ማቅናት ማለት?»

መጽሐፉን በእጃቸው አዙረው ሰጡኝ። አየሁት። ፊደል መሆኑን አውቃለሁ፣ እንደ ሰው ፊት ግን ነው፣ ተገልብጦ ሲያዩት ዓይኑ የት አፉ የት እንደሆነ እንደሚጠፋው። ሀው በ መሰለኝ፣ ሠው ጠ መሰለኝ። አንድ ቃል ለማውጣት አላበኝ። ዳዊት የጨረስኩት እኔ እንደ ፊደል ቆጣሪ ተንተባተብኩ። ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተጨቃጨቁ፣ ገሚሱ ማንበብ ታውቃለች አለ፣ ገሚሱ አታውቅም አለ። የትኛው ልክ እንደሆነ እኔም አላወቅሁም።

የኔታ እጃቸውን አነሡና ዝም አሰኟቸው።

«አባትሽ ሲያስተምርሽ የት ነበር የምትቀመጪው?»

«ፊት ለፊቱ።»

«መጽሐፉን ማን ይይዘዋል?»

«እሱ ነዋ። እኔ እፈትላለሁ።»

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «በአንድ መጽሐፍ ብዙ ሆነው ሲማሩ ጎን የተቀመጠው አንገቱን አጣሞ ሲያነብ አይቻለሁ። እንዳንቺ ፈጽሞ የተገለበጠ ግን አላየሁም። አባትሽስ ራስሽ ይዘሽ ስታነቢ አላየሽም?»

አሰብኩ። ኧረ አይቶኛል። እያየኝ ነው ያነበብኩት፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ። እሱ ሲይዘው ለኔ ተገልብጦ፣ እኔ ስይዘው ለእሱ ቀና ሆኖ። እንዲህ ሆነን ዓመት ዓመትን ወልዶ፣ ሁለታችንም አላወቅንም።

«እሺ የኔታ» አልኩ፣ መጠበቅ ስለማልችል። «ተቀበሉኝ ወይስ አልተቀበሉኝም?»

አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። የኔታ አልተቆጡም።

«አቅንተሽ አንብበሽ ነይ። ከፋሲካ በኋላ፣ እግዜር ካለ፣ እዚሁ አለሁ።»

«ቅኔ ግን በጆሮ አይደለም እንዴ የሚማሩት? እነዚህ ሁሉ መጽሐፍ አልያዙም።»

«በጆሮ ነው።»

«ታዲያ መጽሐፉ ምን ያደርግልኛል?»

«ለቅኔው ምንም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አቅንተሽ አንብበሽ ነይ» አሉና ለሌላው ተማሪ ጆሯቸውን ሰጡ።

ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ጉሙ ተገልጦ ነበር። አክስቴ ዘወር ብላ፣ «ይኸውልሽ አንኮበር» አለችኝ። አየሁ። ጋራ ላይ የተበተኑ የሣር ቤቶች፣ የጽድ ጫካ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ከዚያ ወዲያ ምድሩ ተንዶ ቆላው ሰማይ እስኪነካ ተዘርግቷል። ከተማዋ የቷ ጋ እንደምትጀምር ግን አሁንም አላወቅሁም። አክስቴም ስታያት ቆየችና በቅሎዋ ላይ ወጣች።

ፋሲካ ማለት ከጥር በኋላ ነው። ይሄ ነው ያቃጠለኝ።

«ምን ልንላቸው ነው?» አልኳት መንገድ ላይ።

«ተቀብለዋታል እንላለና። ነይ ብለውሻል።»

«ሂጂ ነው ያሉኝ።»

«ነይ ነው ያሉሽ!»

«ሂጂና ነይ ነው ያሉኝ።»

አክስቴ በቅሎዋን ኮርኮር አድርጋ ቀደመችኝ። ከብዙ መንገድ በኋላ፣ «ሄዶ የሚመጣም አለ፣ ሄዶ የሚቀርም አለ» ብቻ አለች። ስለኔ ይሁን ስለ ንጉሡ አልጠየቅኋትም።

ቤት ስንደርስ እናቴ ደጅ ላይ ናት። «ተቀበሏት?» አለች፣ ገና እግራችን ሳይገባ። አልፌያት ገባሁ። ለአባቴ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። መሀል ላይ ስደርስ ደሙ ፈላ።

«ልጄ ዘቅዝቃ አታነብም! እኔ ነኝ ያስተማርኳት!» ዳዊቱን ከተሰቀለበት አወረደና እጄ ላይ አደረገ፣ እንደ ልማዱ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «ያዢ። አንብቢ። ይኸው! ቀና ነው! ቀና አይደለም? ምን ሆነው ነው የኔታ?»

«አንተ» አለች አክስቴ፣ «ተነሣና ከጎኗ ሆነህ እየው።»

ተነሣ። ዞሮ ከጎኔ መጣና ጎንበስ አለ። መጽሐፉን አየ፣ እኔን አየ፣ መጽሐፉን አየ። ጭቅጭቁ አባቴ ተሸነፈ። ቀስ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እሺ» አለች እናቴ፣ «ሽማግሌዎቹ ጽጌ ሲወጣ ይመጣሉ። ምን ልበላቸው? ተቀብለዋታል ወይስ አልተቀበሏትም?»

አባቴ ዓይኑን ከመጽሐፉ ሳያነሣ፣ «ገና አልጨረሰችም በያቸው» አለ።

«አልጨረሰችም? ደግሰን! ጎረቤት በልቶ መርቆ!»

«የበሉት ይሁናቸው። ልጅቷ ዳዊት አልጨረሰችም። ሲጠይቁሽ እንዲህ በይ፣ ሳትጨርስ ከቤቴ አትወጣም።»

እኔ ልደሰት ወይስ ላልቅስ አላወቅሁም። ጥርን አመለጥኩ፣ በለውጡ ግን እስካሁን ያገኘሁት አንድ ነገር፣ ዳዊት መጨረሴ፣ ተወሰደብኝ። እናቴም መጣችና እንደ ልማዴ ጭኔ ላይ ያደረግሁትን እንዝርት አነሣች። ተቆጥታ ይሁን ፈቅዳ፣ ከፊቷ ላይ አላነበብኩትም። ወስዳ የጥጡ ማስቀመጫ ቁጢት ውስጥ ጣለችው።

አባቴ መጽሐፉን አዙሮ በሁለታችን ጉልበት ላይ አጋደመው። ጣቱን አንዱ ፊደል ላይ አደረገ።

«በ» አልኩት።

«ሀ» አለ። «እንደገና።»